ያለ ምስክር የደረሰ የመኪና አደጋ፦ «ይቅርታ ብለሃል፣ አንከፍልም» አሉኝ (ቨርጂኒያ)

የፓይኩ ሹፌር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ የገባችሁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ ከሥራ ወጥቼ በኮሎምቢያ ፓይክ ወደ ቤት እየነዳሁ ነበር። ሰዓቱ 10፡40 ገደማ ነው፣ በእኛ አራት ከአርባ። ቤይሊስ ክሮስሮድስ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ በቀኝ ረድፍ የነበረች መኪና ወደ እኔ ረድፍ ገባችና የኋላ ቀኝ በሬን መታችኝ። ፍሬቻ አላየሁም። ጓ አለ፣ መሪው እጄ ላይ ዘለለ፣ ከዚያ ፀጥ። ከፊታችንም ከኋላችንም ማንም አልነበረም።

ወርጄ መጀመሪያ ያየሁት ልጅቷን ነው። የልጄ እኩያ ትሆናለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ስልኳን መክፈት አቅቷታል። አሳዘነችኝ። አገር ቤት ብሆን «እኔን! አይዞሽ!» ነበር የምላት። አፌ ላይ የመጣው ግን «አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሶሪ» ነው። እሷም «አላየሁህም» አለችኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መኪኖቹን ወደ ማደያው አስጠጋንና ፈቃድና ኢንሹራንስ ተለዋወጥን። ፖሊስ ጋ ደወልኩ። የተጎዳ ሰው ከሌለና መኪኖቹ የሚነዱ ከሆነ መረጃ ተለዋውጣችሁ ሂዱ አሉኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ትራፊክ መጥቶ ፕላን ሳያነሳ መኪና ንቅንቅ አይልም ነበር። እኔ የመንገዱን ፎቶ እንኳ አላነሳሁም። ያለኝ የታርጋዋና የኢንሹራንስ ካርዷ ፎቶ ነው፣ ከዚያ ቤት ደርሼ ፓርኪንግ ላይ ያነሳኋቸው ሦስት የራሴ መኪና ፎቶዎች።

ትናንት የሷ ኢንሹራንስ ደወለ። እኔ ወደ ረድፏ እንደገባሁባት ተናግራለች። «ምስክር የለም፣ አንተም ቦታው ላይ ይቅርታ ጠይቀሃል፣ አንከፍልም» አሉኝ። ቢያንስ ግማሽ በግማሽ አይሆንም ወይ ስላቸው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ግማሽ ማለት ዜሮ ማለት ነው አሉኝ። እውነት ነው? ጥገናው 3,900 ዶላር ተገምቷል። የራሴ ኢንሹራንስ ኮሊዥን (ጥፋቱ የማንም ቢሆን የራስን መኪና የሚያሠራ ሽፋን) አለው፣ ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪሴ የምከፍለው) 1,000 ዶላር ነው። በሱ ብጠቀም ደግሞ የምከፍለው እንዳይጨምርብኝ ፈራሁ።

ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ስላዘንኩላት ጥፋተኛ መባሌ ነው። እዚያው ማደያው ላይ ቆሜ ለባለቤቴ በዋትስአፕ ቮይስ ስልክላት እንኳ «ልጅቷ በጣም ደንግጣለች፣ አላየሁህም አለችኝ» እያልኩ ነበር።


የሐና እናት፦

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን እዚሁ ቨርጂኒያ በኢንሹራንስ ክሌም (የካሣ ጥያቄ) ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዳንተ ያለ ፋይል ብዙ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሕጉን ልንገርህ። ያሉህ እውነት ነው። በቨርጂኒያ አንተም ለአደጋው ትንሽ አስተዋጽኦ ካደረግክ፣ አንድ ፐርሰንትም ትሁን፣ ከሌላው ወገን ምንም አታገኝም። አብዛኛው አሜሪካ እንዲህ አይደለም፤ ሌላው ጋ ጥፋት ይካፈላል፣ ካሣም እንደዚያው ይካፈላል። ይሄ ጠንካራ ሕግ የቀረው በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በዲሲ፣ በኖርዝ ካሮላይናና በአላባማ ነው። ዲሲም ብትሆን ከ2016 ጀምሮ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አላልታዋለች። የእኛ ሰው የሚበዛው ደግሞ እዚሁ አካባቢ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይሄን የሚሰማው መኪናው ከተመታ በኋላ ነው። ስለዚህ «ግማሽ በግማሽ ይሁን» የሚለውን ሁለተኛ ከአፍህ እንዳታወጣው። እዚህ እሱን መቀበል ሙሉውን መተው ነው።

አሁን ያልነገሩህን ልንገርህ። የደወለልህ አጀስተር (የካሣ ጥያቄውን የሚመረምረው ሰው) የሷ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ዳኛ አይደለም። «አንከፍልም» ማለቱ የአንድ ወገን አስተያየት ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢሄድ አንተም ጥፋት እንዳለብህ ማስረዳት ያለባት እሷ ናት፤ አንተ የሷን ጥፋት ታስረዳለህ። የሚፈለገውም እንደ ወንጀል ክስ ጥርጣሬ የማይገባበት ማስረጃ አይደለም። ሚዛኑ ትንሽ ወደ አንተ ካጋደለ ይበቃል። ምስክር የለም የሚሉትም ልክ አይደለም፤ አንተ ራስህ ምስክር ነህ። ቃልህ ማስረጃ ነው። ጥያቄው ቃልህን የሚደግፍ ምን አለህ የሚለው ነው።

እና አለህ! ለባለቤትህ የላክኸው ቮይስ። ደቂቃው ተመዝግቧል። ማንም ከማንም ጋር ሳይጣላ፣ ኢንሹራንስ ሳይደውል፣ ገና ማደያው ላይ ቆመህ «አላየሁህም አለችኝ» ብለሃል። በኋላ ፈጥረህ እንዳላመጣኸው ያሳያል። እንዳታጠፉት፣ ባለቤትህም ስልክ እንዳትቀይር። ዛሬውኑ ቅጂ አስቀምጡ፣ ሰዓቱ የሚታይበትን ስክሪንሾት አንሱ፣ አማርኛውንም ቃል በቃል አስተርጉሙት።

«ሶሪ» ስላልከው አትሸማቀቅ። ግን ዝም አትበለው፣ በጽሑፍ አብራራው። የተደናገጠች ልጅ አይቼ አዘንኩላት፣ በእኛ ቋንቋ ሰው ሲጎዳ የሚባለው ቃል እንዲህ ነው፣ ስለ መንዳት ምንም አላልኩም ብለህ ጻፍ። ስንቱ ሐበሻ እንዲህ ሲል ፋይል ላይ አንብቤያለሁ መሰለህ። «እኔን» ያለ ሰው ጥፋተኛ ነኝ አላለም፣ ግን እንግሊዝኛው ላይ ልዩነቱ አይታይም። ካሁን በኋላ የሷ ኩባንያ ድምፅህን ልቅረጽ ቢልህ እንቢ ማለት መብትህ ነው። ከራስህ ኩባንያ ጋር ግን መተባበር አለብህ፣ ውልህ ያስገድድሃል። ለእነሱ ስትናገር አስተርጓሚ ጠይቅ፤ እንግሊዝኛህ ጥሩ ቢሆንም ጠይቅ። «ገባሁ» እና «ገባችብኝ» የምትለዋ ልዩነት ናት ፋይሉን የምትወስነው።


ላሜራው፦

እኔ ሕግ አላውቅም። ላሜራ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀጥቅጫለሁ፣ ሶማሌ ተራ ጀምሬ እዚህ አሌክሳንድሪያ ቦዲ ሾፕ ድረስ። መኪና አይዋሽም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በሩ ላይ ቀለም ብቻ ነው ያለው ወይስ የጎማ ጥቁረትም አለ? ፎቶ ሳይሆን ሄደህ በእጅህ ዳስሰህ ንገረኝ። በሩን ደግሞ እንዳታጥበው።


የፓይኩ ሹፌር፦

ጋሼ፣ አሁን ባትሪ ይዤ ወርጄ አየሁት። ልጄ ነገ ሊያጥብልኝ ነበር፣ አስቆምኩት። የኋላው በር መሀል ላይ ገብቷል። ከሱ በታች ግማሽ ክብ የሚመስል ጥቁር ነገር አለ፣ እንደ ቅስት። በጣቴ ስነካው ጣቴን አጠቆረኝ። ከበላዩ ነጭ ቀለም አለ፣ የሷ መኪና ነጭ ናት። የፊት በሬና የፊት ፓራፋንጎዬ ምንም አልሆኑም፣ ስፖኪዮውም ደህና ነው።


ላሜራው፦

ያ ቅስት የጎማዋ ነው። ልብ ብለህ ስማኝ። መኪና ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጎማው ከፓራፋንጎው ውስጥ ነው፣ ወደ ውጭ አይወጣም። መሪ ወደ ግራ ሲዞር ግን የግራው የፊት ጎማ የፊት ጠርዙ ወጣ ይላል። የሷ የግራ ጎማ በርህን የላሰው ለዚህ ይሆናል። ፓራውልቷ ጥግ ነጩን ቀለም ትቶ፣ ጎማዋ ቀጥሎ ጥቁሩን ትቷል።

ልዋሽህ ግን አልችልም፣ ይሄ ብቻውን አይበቃም። አንተ ወደሷ ገብተህ እሷ ወደ ቀኝ ሸሽታ ቢሆንም ጎማዋ በኋላው ጠርዝ ሊወጣ ይችላል። እሷም ይህን ትላለች፣ «ከፊቴ ገብቶ በኋላ በሩ መታኝ» ትላለች። የሚለየው የሷ መኪና ነው። የፓራውልቷ ጥግ ከፊት ለፊቱ ከተመታ ወደ አንተ እየመጣች ነበር። ጎኗ ብቻ ከተላጠ ሌላ ታሪክ ነው። የጭረቱንም አቅጣጫ እይ፣ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደተጎተተ ማን ከማን ይፈጥን እንደነበር ይናገራል።

በቀን ብርሃን፣ በጥላ ሳይሆን፣ በሩን ከሩቅ፣ ከመካከል፣ ከቅርብ አንሳው። ጎኑ ላይ ሜትር አስደግፍ፣ ከመሬት እስከ ቅስቱ ስንት ኢንች እንደሆነ ይታይ። ቁመቱ ከጎማዋና ከፓራውልቷ ቁመት ጋር ሲገጥም ማንም አይከራከርህም። የሚገምትልህን ባለሙያም ሪፖርቱ ላይ «የጎማ ምልክት» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቀው። ብዙዎቹ «ጭረት» ብለው ያልፉታል።


የራይድ ሹፌር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወንድሜ ካሜራ ፍለጋ ዛሬ ውጣ፣ ነገ አትበል። ማደያዎችና ሱቆች ካሜራቸው በራሱ ላይ ደርቦ ነው የሚቀርጸው፣ አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። አንተ ሳምንት አልፎሃል። አደጋው በደረሰበት በዚያው ሰዓት ሂድ፣ የማታ ፈረቃ ላይ የነበረውን ሰው ታገኘዋለህ። ቪዲዮውን ካልሰጡህ በስልክህ ስክሪኑን ቅረጽ፣ ወይም እንዳይጠፋ ብቻ ጠይቃቸው፣ ከዚያ ኢንሹራንስህ በደብዳቤ ይጠይቅ። ፊት ለፊት ያሉ አፓርታማዎችንም በራቸው ላይ ሪንግ (የበር ካሜራ) ካላቸው አንኳኳ። የሜትሮ አውቶቡስ አልፎ ከነበረ ካሜራ አለው።

መስቀለኛው ላይ ያሉትን የቪዶት (የቨርጂኒያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ካሜራዎች አይተህ ግን ጊዜህን አታጥፋ። እኔ ሁለት ሳምንት ጠፍቶብኛል። እነሱ ትራፊክ በቀጥታ ለማሳየት ናቸው፣ አይቀርጹም።

ሌላ ነገር፣ ኡበር ወይም ሊፍት ትሠራለህ? ከሠራህ በዚያ ሰዓት አፑ ክፍት ነበር? ክፍት ከነበረ የግል ኢንሹራንስህ ላይሸፍንህ ይችላልና እንዳትደብቅ። ዝግ ከነበረ ዝግ መሆኑን ከአካውንትህ አውጣ።

አንገትህን ወይ ጀርባህን ካመመህ ሐኪም ጋ ሂድ። ሐበሻ «ምንም አልሆንኩም» ማለት ይወዳል፣ እሱም ተጽፎ ይቀመጣል። እኛ ሜሪላንድ ፒፕ የሚባል ሽፋን አለን፣ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ለሕክምና የሚከፍል፣ መጠኑ ቢያንስ የ2,500 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ግዴታ አይደለም፣ ግን ሜድፔይ (የሕክምና ወጪ ሽፋን) ገዝተህ ከሆነ ፖሊሲህ ላይ ታገኘዋለህ።


ሰላም ይሻላል፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? በራስህ ኮሊዥን አሠራ፣ 1,000ውን ክፈል፣ ተገላገል። ጤና ይበልጣል። እኔ አንድ ጊዜ ለ2,000 ዶላር ብዬ ስምንት ወር እንቅልፍ አጥቼ ነበር።


የሐና እናት፦

ሰላም ይሻላል፣ ግማሹን እስማማለሁ። በራሱ ኮሊዥን ቢያሠራ ጥሩ ነው። ግን መብቱን መተው ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ትልቁ መንገድ እሱ ነው። የራሱ ኩባንያ አሠርቶለት ሲያበቃ ገንዘቡን ከሷ ኩባንያ ይጠይቃል። ሁለቱ ካልተስማሙ ብዙ ጊዜ በእነሱ መካከል ወዳለው ግልግል ይሄዳሉ፣ ፎቶውና ጽሑፉ እዚያ ይታያል። ካሸነፉ ዲዳክቲብሉም አብሮ ይመለስለታል። ስለዚህ የጋሼን ፎቶ፣ ቮይሱን፣ የማብራሪያውን ደብዳቤ ለራሱ ኩባንያ ነው በደንብ አድርጎ የሚሰጠው። ባዶ ፋይል ከሰጣቸው ባዶ ፋይል ይዘው ነው የሚከራከሩት። ደውሎም «ገንዘቡን ከሷ ኩባንያ ትጠይቃላችሁ ወይ? ዲዳክቲብሌንስ ትጨምራላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ካልጠየቅክ የሚረሳ አለ።

የፓይኩ ሹፌር፣ ዋጋ ይጨምራል ብለህ ለፈራኸው፣ የቨርጂኒያ ሕግ ባላጠፋኸው አደጋ ፕሪሚየም እንዳይጨምሩብህ ይከለክላል። በከፊልም አጥፍተሃል ካሉ ግን ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ለዚህም ነው የፋይሉ ውሳኔ የሚያስፈልግህ። ያለ አግባብ ከጨመሩ በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ያለው የኢንሹራንስ ቢሮ አቤቱታ ይቀበላል።

ሁለተኛው መንገድ ልጅቷን ራሷን መክሰስ ነው። ኩባንያውን አይደለም የምትከሰው፣ እሷን ነው፣ ኩባንያዋ ይቆምላታል። እስከ 5,000 ዶላር የሚታይበት ስሞል ክሌምስ የሚባል ፍርድ ቤት አለ፣ ያለ ጠበቃ ነው የሚካሄደው። ያንተ 3,900 እዚያ ይገባል። ለንብረት አምስት ዓመት ጊዜ አለህ፣ ለአካል ጉዳት ግን ሁለት ዓመት ብቻ። ቼክ ልከው «ፈርምልን» ቢሉህ የምትፈርመው የመኪናውን ብቻ መሆኑን አንብብ፣ የአካሉንም ጨምሮ የሚዘጋ ወረቀት አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ጻፍ። ለሷ ኩባንያ አጭር ኢሜይል፦ መኪናዋ ከመሠራቱ በፊት የግራ የፊት ጥጉ ፎቶ እንዲነሳና እንዲቀመጥ፣ በመኪናዋ ውስጥ የተመዘገበ መረጃም እንዳይጠፋ እጠይቃለሁ በል። ብዙ መኪና ውስጥ ከግጭት በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች ፍጥነትና ፍሬን የሚመዘግብ ሳጥን አለ። ኤርባግ ካልወጣ ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝበትም፣ መረጃውም በፌደራል ሕግ የመኪናው ባለቤት ንብረት ነው። ቢሆንም መጠየቅህ በጽሑፍ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ መኪናዋን ፎቶ ሳያነሱ አሠርተው ቢገኙ፣ ለምን የሚለውን ጥያቄ እነሱ ይመልሱታል።


ከቦሌ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ሳነብ ገርሞኝ ነው። እኛ ጋ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2084 ላይ ሁለት ተሽከርካሪ ሲጋጭ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራል፣ ጠቅላላ ጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይችላሉ ይላል። በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ ሹፌር ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ ነው የሚቀየረው። ማስረጃ የሌለው ሰው ቢያንስ ግማሹን ያገኛል። እናንተ ጋ ማስረጃ የሌለው ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል ማለት ነው? በጣም ከባድ ነው። ያገሩን ሕግ እያሰቡ እዚያ «ግማሽ በግማሽ» የሚሉ ስንት ይኖሩ ይሆን።


የፓይኩ ሹፌር፦

ከቦሌ፣ አንዱ እኔ ነኝ። አባቴ ከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ሁሌም የሚነግረን ይሄንኑ ነበር። እኔም ግማሹን ይቀበላሉ ብዬ ነበር አፌን የከፈትኩት።

ኡበር አልሠራም፣ ጋራዥ አቴንዳንት ነኝ ዲሲ። አንገቴን ሁለት ቀን ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።


የራይድ ሹፌር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጥሩ አደረግክ። ካሜራም ግዛ፣ የፊትና የኋላ ያለው። ብቻ ሜሪላንድ ስትገባ ሰው ጭነህ ከሆነ ድምፁን አጥፋ፤ ሜሪላንድ ድምፅ ለመቅረጽ የሁሉንም ፈቃድ ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ የአንድ ሰው ፈቃድ ይበቃል።


የፓይኩ ሹፌር፦

ለሁላችሁም፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ትናንት ማታ 10፡30 ላይ ማደያው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ አየኝና «አንተ ያን ቀን ከልጅቷ ጋር የነበርከው አይደለህም?» አለኝ፣ በአማርኛ! ጎንደሬ ነው። ውጭ ወጥቶ አይቶናል፣ ግን ሲጋጭ አላየም። ድምፁን ሰምቶ ነው የወጣው። ልጅቷ ውሃ ልትገዛ ገብታ በስልክ እያለቀሰች ስታወራ ነበር አለኝ። ምን እንዳለች ጠየቅኩት። «መውጫዬ ሊያልፈኝ ነበር» ስትል ሰምቻለሁ አለኝ። እኔ በግራ ረድፍ ነበርኩ፣ ከፊታችን ያለው መታጠፊያ ደግሞ በግራ ነው። ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎን ቅስት አይደግፍም?

ካሜራው ፓምፖቹን ነው የሚያየው፣ መንገዱ በጠርዙ ብቻ ይታያል። ባለቤቱ ሲስተሙን የሚከፍተው ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ነው። ልጁ እስካሁን እንዳልጠፋ አይቶልኛል፣ የማክሰኞው አለ። ስሙንና ስልኩን ሰጥቶኛል፣ ኢንሹራንሴ ቢደውልለት ያየውን እናገራለሁ ብሏል። ደብዳቤውን ባለቤቴ እየጻፈችልኝ ነው። «እኔን» የምትለውን እንዴት እንደምናስረዳ ግማሽ ሰዓት ተከራክረንበታል። የበሩን ፎቶ በቀን አንስቻለሁ፣ ቅስቱ ከመሬት 19 ኢንች ላይ ነው የሚጀምረው።

ቅዳሜ ጠዋት ፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ።